የኩባንያውንም ዕድሜ ጠይቁ

ባለፈው እሑድ ጋርላንድ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ተመራቂ ልጅ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ከአንድ ትንሽ የባዮቴክ ኩባንያ የመጣ የቅጥር ደብዳቤ ነው። የሕክምና ዩኒቨርሲቲው ዩቲ ሳውዝዌስተርን ደግሞ በምርምር ረዳትነት ሊቀጥራት ፈልጓል፤ የኩባንያው ደመወዝ ግን በብዙ ይበልጣል። ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ በየዓመቱ አንዳችሁ ይህንኑ ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁና።

የላብራቶሪ ሥራን እወደዋለሁ፤ ከ20 ዓመት በላይ እንጀራዬ ነው። ብራውንና ጎልድስታይን በኮሌስትሮል ምርምራቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ኖቤል የተሸለሙት እዚሁ ዳላስ፣ ዩቲ ሳውዝዌስተርን እየሠሩ ነው። ከዚያው ቤት የወጣውን ፔሎተን የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ትልቁ መርክ በ2019 ሲገዛው ቅድሚያ ክፍያው ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የፕሌኖው ኩባንያ ሪያታ ደግሞ ፍሬድራይክ አታክሲያ ለሚባለው፣ ልጆችን ቀስ በቀስ መራመድ ለሚያሳጣው የዘር ሕመም፣ የመጀመሪያውን መድኃኒት በ2023 በኤፍዲኤ አስጸደቀ። በእንዲህ ያለ ቀን የአንዲት ቱቦ ድርሻ እንኳ ያለው ሰው የሚሰማው ደስታ በሌላ ሥራ አይገኝም።

ሪያታ የተቋቋመው ግን በ2002 ነው። ቁጠሩት፤ 21 ዓመት። በመሀል በ2012 ለኩላሊት ሕሙማን ይሞክረው የነበረ ሌላ መድኃኒት ልብ ላይ ጉዳት በማሳየቱ ሙከራው ተቋርጧል። በሰው ላይ መሞከር ከሚጀምሩ 10 መድኃኒቶች ለፈቃድ የሚበቃው አንድ ገደማ ነው። እንደ ፎርት ዎርዙ አልኮን ያለው ከ1945 ጀምሮ የቆየ ድርጅት ዛሬ የሚሸጠው የዓይን ሌንስ አለው። ትንሹ ኩባንያ ግን የሚሸጠው ገና የለውም፤ የሚኖረው በባለሀብት ገንዘብ ነው። የዳላሱ ታይሻ በ2020 አክሲዮን ገበያ ገብቶ በ2022 ከሠራተኞቹ 35 ከመቶ ያህሉን ቀነሰ።

እኔም ደርሶብኛል። አንድ ጠዋት መግቢያ ካርዴን ሳስነካው በሩ ቀይ አበራ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚቀዘቅዘው ፍሪዘር ውስጥ በእጄ ጽሑፍ ምልክት ያደረግሁባቸው፣ የ3 ዓመት ልፋቴ የሆኑ የሴል ቱቦዎች ነበሩ። እኔ አንድ ካርቶን ይዤ ወጣሁ፤ እነሱ እዚያው ቀሩ። ለእነዚያ ሴሎች ስል የትንሣኤ ሌሊት ሰው ሁሉ ጾሙን ሊፈታ ወደ ቤቱ ሲጣደፍ፣ እኔ ነጠላዬን መኪናው ውስጥ አጥፌ ምግባቸውን ልቀይር ገብቼ አውቃለሁ። ሴል በዓል አያውቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀታችሁን እዩ። በኤችዋንቢ የሥራ ቪዛ ያላችሁ ከሥራ ብትሰናበቱ የሚሰጣችሁ ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው፤ በ60 ቀን ውስጥ ላብራቶሪ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። የቪዛውን ዓመታዊ ዕጣ ሳይጠብቅ የሚያመለክትላችሁ ዩኒቨርሲቲ ካገኛችሁ፣ ገንዘቡ ቢያንስም ከዚያ ጀምሩ። ግሪን ካርድ ያላችሁና የቤት ዕዳ የሌለባችሁ ትንሹን ኩባንያ ድፈሩት። በትልቅ ድርጅት 5 ሰው የሚሠራውን እዚያ ብቻችሁን ስለምትሠሩት እጃችሁ ቶሎ ይፈታል።

አክሲዮኑን ደመወዝ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ የእናንተ የሚሆነው በ4 ዓመት ነው፤ ዓመት ሳይሞላችሁ ከወጣችሁ ምንም የለም። ለእናታችሁ የምትልኩትን በየወሩ ከሚገባላችሁ ብቻ አስቡ።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ «በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ስንት ወር ያስኬዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጅቷ «ጋሼ፣ እንዲህ ብዬ ብጠይቅ ቅር አይላቸውም?» አለችኝ። የሰው ኪስ መጠየቅ ነውር ነው ተብለን ያደግን ነንና አልፈርድባትም። ነገር ግን ይህ የሰው ኪስ አይደለም፤ የእሷ የቤት ኪራይ ነው። እዚያው ቡናው ሳይበርድ ጻፈችላቸው።

ማክሰኞ መለሱላት፤ 14 ወር። በዲቪ የመጣች ስለሆነች፣ ግቢ ብያታለሁ። በ9ኛው ወር ሌላ ሥራ ማየት እንድትጀምርም ቀኑን ስልኳ ላይ አስይዣታለሁ።