ቁልቁለቱ ሳይመጣ

ልጄ፣ የአይሱዙህን ፍሬን ልታሻሽል እንደተነሳህ እናትህ ነገረችኝ። ከሌላ መኪና የወረደ ማስተር ሲሊንደር ከሶማሌ ተራ ገዝተሃል፤ የኋላውንም ቱቦ በአዲስ ልትለውጠው ነው። ሐሳብህን እወደዋለሁ። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ያለው ሰው ለፍሬኑ ያወጣው ብር አያስቆጨውም። የሚያሳስበኝ ጥድፊያህ ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ጭምር ነው። እናም አንዲት ዳዶ ሳትፈታ ስማኝ።

በቅድሚያ ስለ ማስተሩ አንድ ነገር ልበልህ። «ትልቅ ስለሆነ ፍሬኑ ይበረታልሃል» ያለህ ሻጭ አሳስቶሃል። የማስተሩ ፒስተን ሲሰፋ ያው የእግርህ ጉልበት በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል፤ በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ይቀንሳል። ፔዳሉ አጭርና ደረቅ ይሆንና የበረታ ይመስልሃል፤ መኪናው ግን የሚቆመው ራቅ ብሎ ነው። ማስተር የሚመረጠው ጎማዎቹ ላይ ባሉት ሲሊንደሮች ልክ ነው። ልኩ ብዙ ጊዜ አካሉ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ከአሮጌው ጋር አስተያየው። ካልተመጣጠነ መልሰህ ብርህን ተቀበል፤ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እንዳይሆንብህ።

ማስተሩ ልክ ሆነ እንበል። አሁን ዋናው ጉዳይ ይመጣል። ቱቦው፣ ቱቦውን የሚያስረው ዳዶና ዳዶው የሚገባበት ቀዳዳ በአንድ ልክ የተሠሩ መሆን አለባቸው። ብዙ ሰው የሚፈትሸው ጥርሱን ብቻ ነው፤ ዳዶው ዞሮ ከገባለት «ገጠመ» ብሎ ያጠብቃል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንያዘው። በፍሬን መጋጠሚያ ላይ ዘይቱን የሚያቆመው ጥርሱ አይደለም። የጥርሱ ሥራ የተከፈተውን የቱቦ አፍ ቀዳዳው ውስጥ ካለው መቀመጫ ጋር አጣብቆ መያዝ ነው። ዘይቱ የሚታገደው አፉና መቀመጫው ብረት ለብረት በተጨናነቁበት ቀጭን ቀለበት ላይ ነው። የጭነት ጎማህን ከ6 እስከ 8 ባር ትነፋዋለህ፤ ፔዳሉን በድንጋጤ ስትረግጠው ግን በፍሬን ቱቦ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት 100 ባር ሊደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ያ ቀጭን ቀለበት ነው።

አይሱዙ የጃፓን ሥራ ነው። በጃፓን መኪኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው የፍሬን ቱቦ ዳዶ ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ደግሞ 1 ሚሊሜትር ነው። አስር በአንድ ብለህ ያዘው። የቱቦው አፍ እንደ መለከት ይከፈትና ጠርዙ ወደ ውስጥ ድርብ ሆኖ ይታጠፋል። ቀዳዳውን በባትሪ ብታየው ከሥሩ ወደ አንተ የወጣ ሾጣጣ መቀመጫ ታያለህ። የአውሮፓ መኪኖች ዳዶም ብዙ ጊዜ ያው አስር በአንድ ነው። ጥርሱ አንድ ስለሆነ ያለ አንዳች ችግር ይገባል። አፉ ግን ሌላ ነው፤ የአውሮፓው ቱቦ ጫፉ ላይ ድቡልቡል ብሎ ያበጠ ነው፤ መቀመጫውም ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። የጃፓኑን አፍ በአውሮፓው ጎድጓዳ ላይ ብታሳርፈው የሚነካው በጠርዙ ብቻ ነው። ስታጠብቀው ለጊዜው ዝም ይላል። ሞተሩ ሲነዝረው፣ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት ማላብ ይጀምራል፤ ከዚያ ያንጠባጥባል። የገዛኸው ማስተር ከአውሮፓ መኪና የወረደ ከሆነ ይህ ወጥመድ እጅህ ላይ ነው ማለት ነው። አንድ ምልክት ልስጥህ፦ የጃፓኑ ዳዶ በብዛት በ10 ቁልፍ፣ የአውሮፓው በ11 ይፈታል። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ለመጠርጠር ግን ይበቃል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባል የለ!

ከዚህ የከፋው በኢንች የተሠራው ነው። ተዘጋጅተው ከሚሸጡት ቱቦዎች መካከል የአሜሪካኖቹን መኪኖች ልክ የያዙ አሉ፤ ዳዷቸው 3/8 ኢንች ውፍረት፣ በአንድ ኢንች ላይ 24 ጥርስ ያለው ነው። በሚሊሜትር ስታሰላው ውፍረቱ 9.5 ገደማ፣ የጥርሱ ርቀት 1.06 ገደማ ይሆናል። አስር በአንድ ለሆነ ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይቀጥናል፤ የጥርሱ ርቀት ግን በጣም ስለሚቀራረብ በጣት እየዞረ ይገባል። እንዲያውም ከትክክለኛው ይልቅ ይቀለዋል። የሚይዘው ግን በጥርሱ ጫፍ ጫፍ ብቻ ነው። ግቢ ውስጥ ረግጠህ ትሞክረዋለህ፤ ይይዛል። አስፋልት ላይ ለስለስ አድርገህ ትይዘዋለህ፤ ይቆማል። አንድ ቀን ሕፃን ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ ባለ በሌለ ኃይልህ ስትረግጥ ጥርሱ ተበልቶ ዳዶው ከቀዳዳው ይወጣል። ልጄ፣ እዚህ ላይ አታመንታ። ሲገባ ወዲያና ወዲህ የሚወላወል ዳዶ ካየህ አውጣው፤ ለሌላ ሰው እንኳ አትስጠው። «አጥብቀው እንጂ ይይዛል» የሚልህን ሜካኒክ አትስማ።

የብረት ሽቦ የተጎነጎነባቸው የሚያብረቀርቁ ቱቦዎችም በየሱቁ ተሰቅለው ታያለህ። ከእነሱ መካከል ጥርሳቸው ያው 3/8 በ24 ሆኖ አፋቸው በ37 ዲግሪ የተከፈተ አሉ፤ የተለመደው የመኪና ቱቦ አፍ ደግሞ በ45 ዲግሪ ነው። የ8 ዲግሪ ልዩነት ለዓይን ትንሽ ነው፤ ለዘይት ግን ሰፊ በር ነው። አታጋባቸው።

እንዴት ትለያለህ? አሮጌውን ቱቦ ከነዳዶው ቆርጠህ ይዘህ ወደ ገበያ ሂድ፤ በስልክ «የአይሱዙ ፍሬን ቱቦ» ብለህ አትዘዝ። የዳዶውን ውፍረት በካሊፐር ለካ። ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ዳዶ ጎን ለጎን ጥርስ ለጥርስ አጋጥመህ ወደ ብርሃን አንሳቸው። ልካቸው አንድ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ይጋጠማሉ፤ ካልሆነ አንደኛው ጫፍ ላይ ገጥመው ሌላኛው ላይ ይሳሳታሉ። ዳዶው ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ብዙ ዙር በጣትህ ብቻ ሊሄድ ይገባዋል፤ ሳይወላወልም ሳይታገልህም። በመጨረሻ የቱቦውን አፍ በማርከር ቀባና በልኩ አጥብቀህ መልሰህ ፍታው። ቀለሙ ዙሪያውን እኩል ከተፋቀ አፉና መቀመጫው ተስማምተዋል። በአንድ ወገን ብቻ ከተፋቀ ወይም ጠርዙ ላይ ብቻ ከተነካ ቁልፍህን አስቀምጥ።

ልኩ አልገጥም ሲል ሰው የሚሳሳተው መፍትሔ ፍለጋ ላይ ነው። ቀዳዳውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋትና አዲስ ጥርስ ማስወጣት የሚቀናቸው አሉ። መቀመጫው ከቀዳዳው መሐል ትንሽ ከተዛነፈ ያ ማስተር ዕቃ አይሆንም። አዳፕተር መደራረብም አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሊያፈስ የሚችል አንድ ተጨማሪ ቦታ ነው። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። አንድ ቱቦ ሁለት ዓይነት አፍ ሊኖረው ይችላል፤ በማስተሩ በኩል የማስተሩን ዳዶና የማስተሩን አፍ፣ በጎማው በኩል የጎማውን አድርገህ ትሠራዋለህ። የሚቀየረው ቱቦው እንጂ ቀዳዳው አይደለም። ቱቦውን በመጋዝ አትቁረጠው፤ የቱቦ መቁረጫ አለ። የውስጡን ስለት ጠርገህ ብናኙን በአየር ንፋ። አፉን ከመክፈትህ በፊት ዳዶውን በትክክለኛው አቅጣጫ ቱቦው ላይ አስገባ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ ይህን የረሳ ሰው ያማረውን አፍ ቆርጦ ይጥላል። የከፈትከው አፍ ስንጥቅ ካለበት ወይም ከተዛነፈ ቆርጠህ ድገመው። የአንድ ጣት ርዝመት ቱቦ ነው የሚጠፋብህ።

አሁን ደግሞ በግልጽ የምከለክልህ አለ። ቧንቧ ሠራተኛ የሚጠመጥመው ነጭ ቴፍሎን ፍሬን ላይ አይጠመጠምም። ዘይቱ የሚታገደው በአፉ ነው ብዬሃለሁ፤ የቴፍሎኑ ቁርጥራጭ ወደ ውስጥ ቢገባ የማስተሩን ትንንሽ ቀዳዳዎች ሊደፍን ይችላል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም»። የፍሪጅ መዳብ ቱቦም ለፍሬን አይሆንም፤ ንዝረት ሲበዛበት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ለፍሬን ተብሎ ከኒኬል ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራው መዳብ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ያለ ሥጋት ተጠቀም። አፍ ሳይከፈት ቱቦውን በቀለበት ጨምቆ የሚቀጥል መቀጠያ ለውኃ ነው፤ ፍሬን ላይ እንዳላይ። ከሁሉም በላይ የሚያመኝ ደግሞ አንዱ ጎማ ሲያፈስ ቱቦውን ቀጥቅጦ ወይም በቡሎን ደፍኖ መንዳት ነው። ያ መኪና ሲይዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ምንም ሳያውቅ ዋጋውን ይከፍላል። በመንገድ ዳር አህያዋን የምትነዳዋ ገበሬ ስለ ፍሬንህ አልተማከረችም፤ ሕይወቷ ግን በአንተ እጅ ነው።

ቱቦው ከተከፈተ አይቀር ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ ለውጥ። ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲገባው ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። የዓባይ ቁልቁለት ታምቡሩን እንዴት እንደሚያግል ታውቃለህ። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል፤ እግርህ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትጠቀም፤ የሞተር ዘይትማ ፈጽሞ አታስጠጋ፤ የውስጥ ጎማዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

ነገ እግዚአብሔር ረድቶህ ባለ አየር ፍሬን ከባድ መኪና ብትገዛም ጉዳዩ አይለቅህም። እዚያ ግፊቱ 8 ባር አካባቢ ቢሆንም የጥርሱ ወጥመድ ያው ነው፤ የግማሽ ኢንች የአሜሪካና የእንግሊዝ ቧንቧ ጥርስ ሁለቱም በኢንች 14 ናቸው፤ የጥርሳቸው ማዕዘን ግን አንዱ 60፣ ሌላው 55 ዲግሪ ነው። ተያይዘው ይገባሉ፤ አየሩ ግን ይሾልካል።

ገጥመህ ስትጨርስ አየሩን በደንብ አስወጣ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተህ ረዳትህ ፔዳሉን ባለ በሌለ ኃይሉ ረግጦ ይያዝ፤ አንተ በደረቅ ወረቀት እያንዳንዱን መጋጠሚያ አንድ በአንድ ዙሪያውን ጥረግ። ወረቀቱ ላይ የዘይት ነጥብ ካየህ «ትንሽ ናት» አትበል፤ ፈትተህ አፉን እይ። ፔዳሉም ተይዞ ሳለ ቀስ እያለ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ባዶውን መኪና በሜዳ ንዳው፣ ተመልሰህ ወረቀቱን ድገም። ቀጥሎ በግማሽ ጭነት አጭር ቁልቁለት ሞክር፣ አሁንም ድገም። ይህ ሳይሆን ሙሉ ጭነት ጭነህ ወደ ዓባይ እንዳትወርድ፤ ደላላው ቢቆጣም፣ ጭነቱ ለሌላ ቢሰጥም።

ቅዳሜ ማስተሩን ይዘህ ወደ እኔ ና። ካሊፐሩና የጥርስ መለኪያው እዚህ አሉ፤ አፍ መክፈቻውንም ከጎረቤት ጋራዥ አስመጣለሁ። የሻጩን ደረሰኝ እንዳትጥል፤ አሮጌዎቹንም ቱቦዎች ከነዳዶዎቻቸው ይዘሃቸው ና።