ሳይመሽብህ ቤትህን አሰናዳ

አንባቢ ወንድሜ ሆይ፥ አንቺም እኅቴ ሆይ፤ በቋንቋችን ኃጢአትን መግለጥና ስለ ንብረት መናገር በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ሁለቱም ኑዛዜ ይባላሉ። ሁለቱንም ደግሞ ለነገ እናቈያቸዋለን። ነገ ግን የእኛ አይደለም።

ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ ገብቶ ስለ ቤቱ እንዲናዘዝ ነገረው። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ። እንግዲህ ስለሚቀሩት ማሰብ የእምነት ጕድለት ነው የሚል ማን ነው?

እኔ የበደልሁትን ልንገርህ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩኝ። ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን ወላጅ የሌላትን አንዲት ልጅ ያለ ጉዲፈቻ ውል አሳደጉ። እርስዋም በደዌያቸው ዘመን ሦስት ዓመት አስታመመቻቸው። እኔ ዕለት ዕለት እየገባሁ ጸለይሁላቸው፤ ዳሩ ግን «አባቴ ሆይ፥ ኑዛዜዎን ይጻፉ» ለማለት አፈርሁ፤ ማሟረት መስሎኝ ነበርና። በመጨረሻይቱ ሌሊት እኔንና አንድ ሌላ ሰው ጠርተው «ቤቴ ለእርስዋ ይሁን» አሉን። በማግሥቱም ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ የወንድማቸው ልጆች መጡ። እኛ ምስክሮቹ በዳኛ ፊት ቆመን እውነቱን ተናገርን፤ እውነታችን ግን ቤቱን አላስገኘላትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን የፈቀደው ለቀብር ሥርዓት፥ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነውና። ልጅቱም የልብስዋን ጥቅል ይዛ ወጣች። ወራሾቹ ሕግን አልተላለፉም፤ ምሕረትን ግን ተላለፉ። እኔም በዝምታዬ ተባበርኋቸው።

ስለዚህ፥ ወዳጄ ሆይ፥ በጤናህ ሳለህ ጻፍ። በገዛ እጅህ የምትጽፈው ከሆነ ሁሉን አንተው ጻፈው፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጥ አመልክት፤ በየወረቀቱም ቀንና ፊርማ አኑር። በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም ሰነድ በሚያረጋግጥ ሹም ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳልና አስቀምጠው። ሌላ ሰው ቢጽፍልህ በአንተና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ፤ ሁላችሁም ፈርሙ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም እንዲህ ያለ ሹም ቢሆን ሁለት ይበቃሉ። ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት አይናዘዙ፤ በአንድነት የተጻፈ ኑዛዜ አይጸናምና እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጻፉ።

ዳሩ ግን ብዕር ከማንሣትህ በፊት ልብህን መርምር። ኑዛዜ የቍጣ ጅራፍ አይሁን። ከተጣላኸው ልጅህ ጋር አስቀድመህ ታረቅ፤ ዕዳህንም ሳትሰውር ጻፍ፤ ያስታመመችህን አትርሳ። የታመመ የምትጠይቅ አንተም፥ እንደ እኔ አትፈር። ጸሎትህን ስትፈጽም ወረቀት አቅርብለት፤ ይህም ደግሞ ፍቅር ነውና።

ቤታችንን በሰላም ትተን ወደማይፈርሰው ቤት እንድንገባ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።