አብሮ የማይወድቅ መካሪ

አብራሪ አውሮፕላኑን ይዞ ወደ መሬት ሲወርድ ራሱም አብሮ ይወርዳል። ከኋላው የተቀመጠው መንገደኛ ስሙን ባያውቅ፣ ፊቱንም ባያይ፣ የሚተማመንበት ዋስትና ይህ ነው፤ ሰውየው ቢሳሳት ከተጎጂዎቹ አንዱ ራሱ ነውና። ይኸው ሰው ዕድሜው ገፍቶ ወይም በፈቃዱ የበረራ ክፍሉን ለቅቆ የአቪዬሽን አማካሪ ሲሆን ግን ያ ዋስትና ይቀራል። ቃሉ እንደ ቀድሞው የብዙዎችን ሕይወት ይነካል፤ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ የሚወድቀው ግን ሌላ ነው። ታዲያ ምክሩ ክብደት የሚያገኘው ከምንድን ነው?

መንገዱ ረጅም ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ለአየር መንገድ ካፒቴንነት የሚያበቃው ፈቃድ ቢያንስ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ደግሞ 65 ዓመት የሞላው አብራሪ መሪውን ይለቃል፤ ገደቡ ከ60 ከፍ ያለው በ2006 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ሀብት በሰዓት የተቆጠረ ልምዱ ነው። እርሱን መሸጡ ነውር አይደለም።

«መካሪ» እና «አማካሪ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ሲባል መካሪው ይከበራል፤ በእርሱ ምክር ንጉሡ ቢወድቅ መካሪው ምን እንደሚሆን ግን አባባሉ ዝም ይላል። እኔም ሥራዬ ትርጉም ነውና የሌላውን ቃል ተናግሮ በቃሉ አለመጠየቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ባዕድ አይሆንብኝም።

ቼዝሊ ሱለንበርገር በ1973 ከአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ተመርቀው ተዋጊ ጄት አበረሩ፤ በ1980 ወደ ሲቪል አየር መንገድ ገቡ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ወፎች የሁለቱን ሞተሮች ኃይል ቢያሳጧቸው ኤርባስ አውሮፕላናቸውን ኒው ዮርክ ላይ በሐድሰን ወንዝ አሳረፉ፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ውሃ እየገባበት ሳለ አውሮፕላኑን ሁለት ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላልሰው ሰው አለመቅረቱን ካዩ በኋላ ወጡ። በ2010 ጡረታ ወጡና ስለ በረራ ደኅንነት ተናጋሪና አማካሪ ሆኑ።

ይህ ታሪክ ወደ እኛ የሚመጣው በ2019 ነው። ማርች 10 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 2018፣ ያንኑ ዓይነት ቦይንግ 737 ማክስ ኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። አፍንጫውን በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ከመጀመሪያው አደጋ በፊት በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም። እንዲያም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ በአብራሪዎቹ ሥልጠና ላይ ጣት የቀሰሩ ነበሩ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሙታንን ማረም ቀላል ነው።

ሱለንበርገር በጁን ወር በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ሲመሰክሩ ግን አስቀድመው በማክስ ሲሙሌተር ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የሚመጣውን እያወቁ እንኳ አብራሪዎቹ ጊዜና ከፍታ እንዴት ሊያልቅባቸው እንደቻለ ማየታቸውን ተናገሩ። ምክራቸው ክብደት ያገኘው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከሐድሰኑ ዝና አይደለም፤ ተመልሰው በሚወድቀው ሰው ቦታ ከመቀመጣቸው እንጂ።

በርግጥ አብሮ መውደቅ ብቻውን ጥበብ አይሆንም። በ1977 በቴኔሪፌ 583 ሰዎች ባለቁበት የሁለት ቦይንግ 747 ግጭት፣ ሳይፈቀድለት መንደርደር የጀመረው አውሮፕላን ካፒቴን የአየር መንገዱ የ747 ሥልጠና ኃላፊ ነበር። የራሱም ሕይወት በዚያው ጠፋ። ስለዚህ የአብራሪውን ወንበር አላመልከውም፤ አማካሪውም ስለ ወረደ ብቻ አይናቅም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አማካሪን የሚቀጥረው አየር መንገድ፣ አምራች ወይም መድን ሰጪ ነው፤ መንገደኛው አማካሪ አይቀጥርም። የካፒቴኑ የመጨረሻ ቃል በጥቁሩ ሳጥን ተቀርጾ፣ አደጋ ቢደርስ ተፈልጎ ይደመጣል። አማካሪው በዝግ ስብሰባ «ይህ ለአብራሪዎች መነገር አያስፈልገውም» ቢል ግን ማን ይሰማዋል? ቢያንስ ምክሩ በስሙና በፊርማው ይቀመጥ፤ መርማሪዎች ፍርስራሹን ሲያገላብጡም ያ ወረቀት አብሮ ይከፈት።