«ተገላገለች» ማለት ይገባናልን?

ከኀዘንተኛ ቤት ስንደርስ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት ነው። ነገር ግን የሞተው ከተወለደ ጀምሮ በእግሩ ያልሄደ፣ አፉን ያልፈታ ወይም አእምሮው እንደ እኩዮቹ ያልዳበረ ሕፃን ሲሆን፣ በድንኳኑ ጥግ ሌላ ቃል ይሰማል፤ «እርሱም ዐረፈ፤ እርስዋም ተገላገለች» ይባላል። ተናጋሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቲቱን ማጽናናቱ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አጭር ቃል ውስጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀበራል። ሕፃኑ የሞተው በምንድር ነው? በሕመሙ ነውን? ወይስ የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ ወደ ሐኪም የሚወስደው በማጣቱ? ስለ ሌላ ሕፃን ቢሆን ኖሮ ወዲያው የሚነሣው ይህ ጥያቄ ስለ እርሱ ሳይነሣ ግብዓተ መሬቱ ይፈጸማል።

በቋንቋችን «ተገላገለች» የሚለው ቃል በሰላም ለወለደች እናት የሚነገር የእልልታ ቃል ነው። ልጅዋን በወለደች ጊዜ የተነገረላት ቃል ልጅዋን በቀበረች ጊዜ ዳግመኛ ሲነገርላት፣ የልጁ ሕይወት በሁለት መገላገል መካከል የቆየ ሸክም ብቻ ነበር እንደ ማለት ይሆናል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህ ነው፤ ሰው ሳይመታ፣ ሳያንቅ፣ መርዝ ሳያጠጣ፣ ባለማድረግ ብቻ ሊገድል ይችላልን? ቢገድልስ ዕዳው የማን ነው?

ጥያቄው የሩቅ እንዳይመስለን ወደ መርካቶ እንመልከት። በምናለሽ ተራ ከንቱ ሆኖ የሚቀር ዕቃ የለም። የተበሳ ጀሪካን፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦና ተጠግኖ ገዢ ያገኛል። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት ጠባብ ቤቶች ግን ጎረቤት እንኳ ስሙን በቅጡ የማያውቀው ሕፃን ሊኖር ይችላል። እናቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ጉልትዋ ወይም እንጀራ ወደምትሸጥበት ትሄዳለች። አባት ብዙ ጊዜ ልጁ እንደ ሌሎች አለመሆኑ በታወቀ ሰሞን ከቤት ወጥቶ ቀርቶአል። እርስዋ በሩን ከውጭ ትቈልፋለች፤ አንዳንድ ጊዜም ልጁን ከአልጋው እግር ጋር ታስራለች። ይህን የምታደርገው ልጁ ወጥቶ መኪና እንዳይገጨው፣ ሴት ልጅ ከሆነችም ክፉ ሰው እንዳይደርስባት ነው። ስለዚህ በሩ በፍቅር የተቈለፈ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ፍቅር የቈለፈው በር በቀትር ውኃ አያጠጣም።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ፤ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉም ድረስ በየቤቱ ስለሚታሰሩና ስለሚደበቁ ልጆች በአደባባይ ከመናገር አልቦዘኑም። መቀመጫውን በዚሁ በከተማችን ያደረገው የአፍሪካ ሕፃናት ፖሊሲ ፎረምም እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ኢትዮጵያ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ያወጣውን ጥናት «ሥውሩ እውነታ» ብሎ ሰይሞታል።

በሥውር የሚኖር ሕፃን የሚሞተውም በሥውር ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ እንደ ደረሰው ያለ እሳት ሲነሣ ሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል፤ ዕቃ ለማዳን የማይሮጥ የለም። ረኃብና ጥም፣ ቁስልና ትኩሳት ግን ድምፅ የላቸውም። ጡንቻውን ማዘዝ የተሳነው፣ ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ አለበት የሚሉት ሕፃን ለመዋጥ ስለሚቸገር አንድ ማዕድ ለመመገብ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። የቸኰለ እጅ በጀርባው እንደ ተኛ ሲያጎርሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል፤ የሳንባ ምች ይከተላል። ሳይገላበጥ ውሎ የሚያድር ገላ ይላላጣል፤ ቁስሉም አመርቅዞ ደሙን ይመርዛል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሕፃን መድኃኒቱ በተቋረጠበት ቀን ብቻውን ሳለ ይወድቃል። በመጨረሻ «ድሮም በሽተኛ ነበር» ይባላል። በሽታው ግን ብዙ ጊዜ በራሱ የሚገድል አልነበረም፤ የገደለው ሰው ማጣቱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ባለማድረግ መግደል ይቻላልን? ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ለዚህ የመርከብን ምሳሌ ይሰጣል። መርከቡን የሚመራው ሰው መምራቱን ቢተውና መርከቡ ቢሰጥም፣ መስጠሙ የእርሱ ሥራ ሆኖ ይቈጠራል፤ ነገር ግን መምራት ይችል የነበረና ግዴታውም የነበረ እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ ሁለት መለኪያዎች አሉ፤ መቻልና ግዴታ። ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 የጥንት አባቶችን ትምህርት አስታውሶ፣ በረኃብ የሚሞተውን ሰው ያላበላ እንደ ገደለው መሆኑን አስተምሮአል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቊጥር 2269 በአደጋ ላይ ላለ ሰው ርዳታን መከልከል በግብረ ገብ ሕግ የተከለከለ መሆኑን ይናገራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1995 «ወንጌለ ሕይወት» በተባለው መልእክታቸው፣ ከባድ ጉዳት ይዘው ለተወለዱ ሕፃናት ምግብንና ተራ እንክብካቤን እንኳ የመከልከልን ክፋት ገልጠዋል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ይገባል። ተስፋ የሌለውን፣ ከዐቅም በላይ የሆነውን ሕክምና ሁሉ ለማድረግ ማንም አይገደድም፤ ቅድስት መንበርም ይህን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው መግለጫ አረጋግጣለች። ነገር ግን ቊራሽ እንጀራ፣ ጥዋ ውኃ፣ ንጹሕ ጨርቅና የሰው እጅ ከሕክምና አይቈጠሩም። እነዚህ ለሰው ሁሉ ሰው በመሆኑ ብቻ የሚገቡ ናቸው።

«እንግዲያው እናቲቱ ነፍሰ ገዳይ ናት ማለታችሁ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በሁለቱ መለኪያዎች እንመዝን። ግዴታዋ ከሁሉ ይበልጣል፤ ችሎታዋ ግን ከሁሉ ሊያንስ ይችላል። ቤት ብትውል ሌሎቹ ልጆችዋ ይራባሉ፤ ብትወጣ ይህኛው ይጠማል። ቤተ ክርስቲያን ፍርሃትና ግዳጅ፣ አለማወቅም የሰውን ተጠያቂነት እንደሚቀንሱ ታስተምራለች። ይሁን እንጂ መቀነስ መሰረዝ አይደለም፤ ለእናት ማዘናችንም ሕፃኑን ወደ መርሳት እንዳያደርሰን መጠንቀቅ ያሻል። የእርስዋ ችግር እውነት ነው፤ የእርሱ ሞትም እውነት ነው። ደግሞም ከእርስዋ ችሎታ የጐደለው ዕዳ ጠፍቶ አይቀርም፤ ወደሚችሉት ይተላለፋል። ጥሎ የሄደው አባት አለ። በዓል ሲሆን ብቻ ብቅ የሚሉ ዘመዶች አሉ። በግድግዳው ማዶ የሕፃኑን ማቃሰት እየሰማ ሬዲዮኑን ከፍ የሚያደርግ ጎረቤት አለ። በዚያው ግቢ ሦስት ሱቅ ያለው ነጋዴ አለ። ከዚያ አጥር ውጭ ደግሞ ቁምስናችን አለ።

የሀገራችን ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 በኀላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ ችላ የሚልን ሰው ይቀጣል፤ በአንቀጽ 575 ደግሞ ለሕይወት በሚያሰጋ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ አውቆ የተወን ሁሉ ተጠያቂ ያደርጋል። ሕጉ ጎረቤትንም ያያል ማለት ነው።

ድህነት ብቻውን ምክንያት እንዳልሆነ የሚያሳይ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ፣ ኢንዲያና ክፍለ ሀገር፣ ብሉሚንግተን በተባለች ከተማ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሕፃን የምግብ ቧንቧው ተዘግቶ ተወለደ። ቀዶ ጥገናው የታወቀ ነበር፤ ገንዘብም ሐኪምም አልጠፋም። ወላጆቹ ግን አልፈቀዱም፤ ፍርድ ቤትም አልከለከላቸውም፤ ሕፃኑ በስድስተኛው ቀን ሞተ። እንግዲህ የጐደለው ሀብት ሳይሆን ያ ሕይወት መኖር ይገባዋል የሚል ፍርድ ነበር። ብዙዎች ስለ ተቈጡ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የሀገሪቱ ምክር ቤት ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት ጥበቃ የሚሆን ሕግ አወጣ።

በገዛ ሀገራችንም በደቡብ ኦሞ፣ በካራ ሕዝብ ዘንድ «ሚንጊ» የተባለው ልማድ የላይ ጥርሱ አስቀድሞ የበቀለን ሕፃን መዓት ያመጣል ብሎ ለሞት ይሰጥ ነበር። እኛ ከተሜዎች ይህን ስንሰማ ፊታችንን እናዞራለን። ነገር ግን የካራ ሽማግሌዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ልማዱን በይፋ ትተዋል። ስም ያለው ክፋት በስሙ ተጠርቶ ይወገዛል። በከተማ በር ተዘግቶበት የሚፈጸመው ግን ስም የለውም፤ «ዐረፈ» ብቻ ይባላል፤ ስለዚህም የሚያወግዘው ሽማግሌ አላገኘም።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ ይተርክልናል። የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ አምስት ዓመት ሲሆነው ሞግዚቱ ተሸክማው በሽብር ስትሸሽ ወደቀና ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ሞግዚቲቱ ያቈሰለችው ልታድነው ስትቸኩል ነው፤ መጽሐፉም አይፈርድባትም። ታሪኩ ግን በዚያ አይቆምም። ዳዊት ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው እንዳለ ጠየቀ፤ ባገኘውም ጊዜ እስከ ዘመኑ ፍጻሜ በገዛ ማዕዱ አስቀመጠው። ጌታችንም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ኀጢአቱ የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ በእርሱም በወላጆቹም ላይ የተሰነዘረውን ክስ አልተቀበለም። በቅፍርናሆምም ሽባውን ወደ ጌታ ያደረሱት አራት ሰዎች ነበሩ። አንድ ሰው ብቻውን ያን አልጋ ማንሣት አይችልም፤ ከአንዲት እናት የምንጠብቀው ግን ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ልጆችን ስትመዘግቡ «ከቤት የቀረ ልጅ አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለም ሂዱና በስሙ ጥሩት፤ ምሥጢራትን ለመቀበል እርሱም የክርስቶስ አካል ነው። ምዕመናን ሆይ፣ ከእናንተ አራት ሰዎች በሳምንት አንድ አንድ ቀን ቢካፈሉ እናቲቱ ለአራት ቀን ያለ ስጋት ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ የሚመጣውም ሰው ሕፃኑን ቀና አድርጎ አስቀምጦ በዝግታ መመገብን፣ ገላውን ማገላበጥን ይማር። የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ የአማኑኤል ሆስፒታል እዚያው አዲስ ከተማ ውስጥ አለ፤ የሚጐድለው ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው ሰው ነው። በከተማችን አንዳንድ ዕድሮች በኤድስ ዘመን ከቀብር አልፈው በሕይወት ያሉትን ሕሙማንና ወላጅ አልባ ሕፃናት መርዳት እንደ ጀመሩ እናስታውሳለን፤ ያ መንገድ ለእነዚህም ሕፃናት ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሀገራችን የሚያገለግሉት የማዘር ቴሬዛ እኅቶችም ሌላው ሰው የተዋቸውን ሲያጥቡና ሲያበሉ ኖረዋል። የእነርሱ መኖር ግን እኛን ከግዴታችን አያወጣንም።

ልጁ በእንክብካቤ መካከል በሞተ ጊዜ ደግሞ እንደ ማንኛውም ልጅ በስሙ እናልቅስለት። «ተገላገለች» የሚለውንም ቃል ለወለደች እናት እንተውላት። በከብቶች ግርግም የተኛው፣ በእናቱ በእመቤታችን ማርያምና በጠባቂው በቅዱስ ዮሴፍ እጅ ያደገው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የተዘጉትን በሮች የምንከፍትበትን ልብና ጉልበት ይስጠን። አሜን።