እቤት ተቀምጦ የነበረው ገመድ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! በዚህ ጁሙዓ ስለ ጎርፍ እናውራ። ስለ ነቢዩላህ ኑሕ (ዐ.ሰ) ጎርፍ ብዙ ሰምታችኋል፤ የዛሬው ግን የአዋሽ ነው።

በጅማ መንገድ የምትመላለሱ ተጂን ታውቋታላችሁ። ሰበታንና ተፍኪን አልፋችሁ አስጎሪ ሳትደርሱ ያለችው የኢሉ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የበቾ ሜዳ ነው። በመኸር ጤፉ፣ ቀጥሎም ሽምብራውና ጓያው ዓይን ይሞላል። ክረምት ሲገባ ያው ጥቁር መሬት ውሃ ያቁራል። ከጊንጪ በኩል ካለው ደጋ የሚወርደው አዋሽ በርጋንና ሆለታን ጨምሮ ከሞላ ደግሞ ማሳውና ወንዙ አይለይም። በ2012 ክረምት አዋሽ ሰብሮ ወጥቶ ኢሉንና ሰበታ ሐዋስን ጨምሮ በአካባቢው ብዙ ሰው አፈናቅሏል። ሰብልም በልቷል።

እንዲህ ባለ ሰሞን ስልካችን ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይበዛል። አንዱ "ቀደር ነው" ይላል፤ ሌላው "መንግሥት የት አለ?" ይላል። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም የምንጽፈው ነገሩን ዘግተን ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ ለማለፍ ነው።

ስለ ቀደር አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሂጅራ 17ኛው ዓመት አካባቢ መካ ላይ ከባድ ጎርፍ ወረደ። ኡሙ ነህሸል የምትባል ሴት ወስዶ ስለገደለ ጎርፉ በእርሷ ስም ተጠራ። ይህ ጎርፍ ሐረም ውስጥ ገብቶ መቃመ ኢብራሂምን ነቅሎ ወሰደው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ከመዲና ደንግጠው መጡ። ድንጋዩ ተገኝቷል፤ ግን ትክክለኛ ቦታው የት ነበር? ይሄኔ ሙጦሊብ ኢብኑ አቢ ወዳዓ የሚባል ሰው ተነሳ። አንድ ቀን ይህ ይደርሳል ብሎ ፈርቶ ኖሮ ከመቃሙ እስከ ሩክኑ፣ እስከ በሩ፣ እስከ ዘምዘም ያለውን ርቀት አስቀድሞ በገመድ ለክቶ፣ ገመዱን እቤቱ አስቀምጦታል። ዑመር እርሱን አጠገባቸው አስቀምጠው ገመዱን አስመጡ፤ ተለካ፤ መቃሙም ቦታው ተመለሰ።

የሰውየው ኢማን ላይ ማን ጥያቄ ያነሳል? በቀደር ያምን ነበር፤ ገመዱንም ለክቷል። ዑመርም በዚሁ አላበቁም። ጎርፉ ዳግም ሐረም እንዳይገባ በላይኛው መካ በኩል መከላከያ ግድብ አሠሩ። መስጂዱን ለማስፋት የሰዎችን ቤት ሲያነሱም ዋጋውን ከፈሉ፤ አንቀበልም ላሉት እንኳ ገንዘቡን ራሳቸው እስኪወስዱት አስቀመጡላቸው። የልማት ተነሺ ካሳ ነው እንግዲህ፣ በዛሬ ቋንቋ።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕግ ስል ፊታችሁን አታጥቁሩብኝ፤ የጎረቤታችሁ ሐቅ የተጻፈበት ስለሆነ ነው።

ይህች አገር እዚህ የደረሰችው በብዙ ሞት ነው። የወሎ ረሃብ ተደብቆ ሕዝብ ካለቀ በኋላ በ1966 የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1986 የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ፖሊሲ ወጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥት የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ እንዲሠራ፣ ከደረሰም ለተጎጂዎች በወቅቱ እርዳታ እንዲያደርስ ያዘዋል። በ2005 የጸደቀው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ደግሞ ሐሳቡን ወደፊት ወሰደው፦ አደጋ በደረሰ ቁጥር እህል ከመጫን ይልቅ ስጋቱን ቀድሞ ማወቅና መቀነስ። ጎርፍን የውሃው፣ የሰብልና የከብት ጉዳትን የግብርናው፣ ወረርሽኝን የጤናው መሥሪያ ቤት እንዲመራ ደለደለ። በየወረዳው ማን፣ የት፣ ለምን አደጋ እንደተጋለጠ እንዲጠናም አሰበ። ይህ ጥናት የሙጦሊብ ገመድ ነው።

ፖሊሲ አቅጣጫ ነው፤ እንደ አዋጅ ይዘኸው ፍርድ ቤት አትቆምም። ግን ሌላ ነገር አለ፤ ብዙዎቻችሁ አልሰማችሁትም ብዬ እገምታለሁ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ኅብረትን የካምፓላ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። ስምምነቱ ተፈናቃይ የሚለው ከጦርነት የሸሸውን ብቻ አይደለም፤ የተፈጥሮ አደጋ ከቀዬው ያስነሳውንም ይጨምራል። የጸደቀ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስለዚህ ተጂ ላይ ውሃ ቤቷን የወሰደባት እናት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ዱቄት ስትቀበል ምጽዋት እየተቀበለች አይደለም። ሐቋን ነው።

ሐቅ ከሆነ ደግሞ የሚመዘግበው ሰው አማና ተሸክሟል። ከእናንተ መካከል ቀበሌ የምትሠሩ፣ በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ ስም የምትጽፉ አላችሁና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በሂጅራ 18ኛው ዓመት፣ ዓመተ ረማዳ በተባለው ረሃብ ጊዜ፣ ከገጠር የተሰደደው ሕዝብ መዲና ዙሪያ ሰፈረ። ዑመር (ረ.ዐ) ሰው እስኪጠግብ ቅቤ አልቀምስም ብለው መልካቸው እስኪለወጥ ዘይት በሉ። ከሻም አቡ ዑበይዳ፣ እንዲሁም ዐምር ኢብኑል ዓስ እህል ላኩ። ይህን ሁላችሁም ኹጥባ ላይ ሰምታችኋል። ኢብኑ ሰዕድ ከዘገቡት ግን እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ አንድ ምሽት ላይ የሆነው ነው። ሕዝቡ እራት በልቶ ሲጨርስ ዑመር ማዕዱ ላይ የተገኘው እንዲቆጠር አዘዙ፤ 7,000 ሆነ። ቀጥለው ያልመጡትም እንዲቆጠሩ አዘዙ፤ ሕመምተኞቹ፣ ሕጻናቱ፣ ቤተሰቡ። 40,000 ሆኑ።

ልዩነቱን እዩት። ሰልፍ ላይ ያለውን ብቻ የቆጠረ መዝጋቢ ከአምስት ሰው በላይ እየዘለለ አንድ ይጽፍ ነበር። ዛሬም ሰልፉ ላይ የሚገኘው ጉልበት ያለው ነው። የአልጋ ቁራኛው፣ አራሷ፣ መታወቂያው በውሃ የሄደበት፣ ቋንቋው ከመዝጋቢው የተለየው፣ ተከራይ ስለሆነ የቀበሌው መዝገብ የማያውቀው ሰው አይመጣም። እርሱ ዘንድ የሚሄድ እግር ያስፈልጋል፤ ያ እግር የእናንተ ቢሆን ምን አለበት?

ሌላው በኩል የአጎትን ልጅ ስም መጨመር ነው። ትንሽ ይመስላል። በ2015 ሰኔ አካባቢ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ፤ ምክንያቱ እህሉ በስፋት ወደ ሌላ እጅ መግባቱ ነበር። ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሰው እርዳታ በሚፈልግበት ዓመት ነው ይህ የሆነው፤ ዳግም እስኪጀመርም ወራት ፈጀ። ውሳኔው ልክ ነበር አልልም፤ የበላው ሌላ፣ የተቀጣው የራበው ሰው ነው። ነገር ግን በር የከፈተው አንድ ትልቅ ሌባ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የስም ዝርዝር አለ፣ የመጋዘን ቁልፍ አለ፣ "ለአንድ ኩንታል ምን አለበት" ያለ አፍ አለ። ዑመር በዚያ ረሃብ ርቦት የሰረቀን ሰው እጅ አልቆረጡም። ሹማምንቶቻቸውን ግን ሲሾሙ ሀብታቸውን ይመዘግቡ ነበር፤ ያለ አግባብ የበዛባቸውንም ከግማሹ ያካፍሏቸው ነበር። ምሕረቱም ቁጥጥሩም ማን ላይ እንደወደቀ አስተውሉ።

ለእርዳታ ስንሮጥም እውቀት ይቅደም። በሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡት ላይ ሁለተኛ ናዳ ወርዶ በጠቅላላው ከ200 በላይ ሰው አለቀ። አላህ ለቤተሰቦቻቸው ሰብር ይስጥ። የሮጡት ምርጥ ሰዎች ነበሩ፤ የጎደለው እዚያ ቆሞ "መሬቱ ገና አልረጋም" የሚል የሠለጠነ ሰው ነበር። ሰፈራችሁ ያለው የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የሚሰጥ ከሆነ ጠይቁና ግቡ፤ ዒባዳ ነው።

ውሃው ሲጎድል ካሜራው ይሄዳል። እዚህ ላይ ሸሪዓው ከብዙ የእርዳታ ፕሮግራም ይረዝማል። ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት የቀቢሳ ሐዲስ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መለመን ከተፈቀደላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ አድርገው የጠቀሱት አደጋ ንብረቱን ያጠፋበትን ነው። እስከ መቼ? መተዳደሪያ እስኪያገኝ ድረስ። ሦስት ኩንታል እስኪቀበል አይደለም። ስለዚህ ዘር የሌለው፣ በሬው የሞተበት የተጂ ገበሬ ውሃው ከጎደለ ከስድስት ወር በኋላም ሐቁ አላበቃም። ዑመርም ዝናብ ሲጥል ስደተኞቹን "በሉ ሂዱ" አላሉም፤ ስንቅና መጓጓዣ ሰጥተው የሚሸኝ ሰው መድበው ወደ አገራቸው መለሷቸው።

በነገራችን ላይ፣ በአደጋ የጠፋ ሰብል ላይ ሌላም ሐዲስ አለ፤ ፍሬውን ዛፍ ላይ ሳለ ለወንድሙ የሸጠ ሰው አደጋ ካጠፋው ዋጋውን እንዳይወስድ የሚል። ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች እንደ ግዴታ ይዘውታል፤ ሻፊዒዮችና ሐነፊዮች እንደ መልካም ሥራ። ለገበሬ በዱቤ የምትሸጡ ነጋዴዎች ዘንድሮ ዕዳ ስትጠይቁ ይህን አስታውሱ።

ስለ ዘካ ለምትጠይቁኝ፦ ንብረቱን ያጣ ሙስሊም ከድሆቹ ወይም ከባለ ዕዳዎቹ ክፍል ይሰጠዋል። ሰደቃው ግን ለሁሉም ነው። ጎርፉ የማንንም ሃይማኖት አልጠየቀም፤ የተጂ ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ የጎረቤት ሐቅ አላቸው።

ሰኔ ሳይገባ፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ ያለፈው ውሃ ግድግዳ ላይ የደረሰበትን ምልክት በስልካችሁ አንሱ፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊትና ሽማግሌዎች ያሉባቸውን ቤቶች በመስጂድ ጀመዓችሁ መዝግቡ። አንዱን ቅጂ ለወረዳው የአደጋ ስጋት ጽሕፈት ቤት ስጡ፤ ሌላውን እቤት አስቀምጡ።

ወሏሁ አዕለም።