ስለ ልጅ ሲሟገቱ እውነትን ማጉደል ይፈቀዳልን?

ለክርክር የሚዘጋጅ ሰው ሁሉ ይመርጣል። የሚጠቅመውን ያወጣል፣ የሚጎዳውን ይተዋል። በገንዘብና በቤት ክርክር ይህ የተለመደ ነው። ክርክሩ ስለ ልጅ ሲሆንስ? ጥያቄው የመጣብኝ ከመጽሐፍ አይደለም።

ነጻ የሕግ ምክር ወደምንሰጥበት ክፍል አንዲት እናት መጡ። ከባለቤታቸው ጋር ለፍቺ ደርሰዋል። የሰባት ዓመት ልጃቸው ከእርሳቸው ጋር እንድትኖር ይፈልጋሉ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ውጤት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ሁለት የጎረቤት ምስክሮች፤ ሁሉም ተሟልቷል። የማስረጃ ዝርዝሩን እየጻፍኩ እግረ መንገዴን፣ «ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ማነው?» አልኳቸው።

«አባቷ ነው። እኔማ በአሥራ አንድ ሰዓት ለሥራ እወጣለሁ።»

«እሱንም እንጻፈው?»

«ኧረ በሞትኩት ወንድሜ! ልጄን ልታስወስድብኝ ነው እንዴ?»

እኔም ተውኩት። ከማመልከቻው ግርጌ ግን፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የቀረበው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚለውን የተለመደ ቃል ስጽፍ እጄ ከበደኝ። የጻፍነው ሁሉ እውነት ነው። ያልጻፍነውስ?

ለጓደኛዬ ባጫውተው ሳቀብኝ። «የአባትየውን ደግነት አባትየው ያምጣዋ! አንተ የማን ወገን ነህ?» አለኝ። ነገሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በቁጥር 113 ዳኛው ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ ሲወስን የተጋቢዎቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲያይ ያዛል። እንግዲህ ገቢም ይቆጠራል ማለት ነው። አባትየው ደመወዙ የተሻለ፣ ጠበቃም ያቆመ ከሆነ፣ እውነትን አሟልቶ መናገር ድኻይቱን ብቻ የሚያስከፍል ቅንጦት ይመስላል። ይህን አልክድም።

ዳሩ ግን በገንዘብ ክርክር ያጎደልኩት እውነት የሚጎዳው ባላጋራዬን ነው፤ እሱም አፍ አለው። እዚህ ግን ሦስተኛ ሰው አለች። እሷ ክስ አልመሠረተችም፣ መልስም አልሰጠችም። ዳኛው ጠዋት ጠዋት እጇን የሚይዛት ማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ አባትየው እሑድ እሑድ ይጎብኛት ብሎ ቢወስን፣ የጎደለው የአባትየው መብት ብቻ ነውን? የልጅቱ ጠዋት ነው እንጂ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ጉዳይ የሕፃናት ጥቅም በቀደምትነት እንዲታሰብ ይላል። በ2000 ዓ.ም. የሰበር ሰሚ ችሎት፣ በሕግ ሞግዚት ነኝ ያለው አባት ጥያቄ ቀርቶ ሕፃኑ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ሲወስን የተመለከተው የአባትነትን ማዕረግ ሳይሆን የልጁን ኑሮ ነበር። የልጅቱን ኑሮ ቆራርጠን ካቀረብንለት ዳኛው ምኑን ይመዝን?

ይህ ስል ሁሉን እናለሳልስ ማለቴ አይደለም። በቤት ውስጥ ዱላ ካለ ቀኑም፣ ቁስሉም፣ የሐኪም ማስረጃውም ይቅረብ። «ለልጆቹ ሲባል» እየተባለ ስንት በደል ተሸፍኖ ኖሯል! እኔ የምለው ክፉም ይሁን ደግ፣ ልጅቱ የምትኖረውን አንደብቅባት ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ እናትየው ሊፈርሙ ሲመጡ አንድ ባዶ ወረቀት አወጣሁ። የልጅቱን አንድ ቀን፣ ከምትነቃበት እስከምትተኛበት፣ በየሰዓቱ ማን ምን እንደሚያደርግላት እንጻፍ አልኳቸው። አባትየው ትምህርት ቤት ማድረሱን እንዲቀጥል ራሳቸው ቢጠይቁ እንደሚሻልም ነገርኳቸው፤ የሚፈሩትም ሊደርስ እንደሚችል አልሸሸግኋቸውም። ብዙ ዝም አሉ። ቆይተው፣ «እሺ ጻፈው» አሉ። «ግን ማታ ማታ ፀጉሯን እየጎነጎንኩ የማስጠናት እኔ መሆኔንም ጻፍልኝ።»

ለካ እሱንም አልጻፍነውም ነበር! የአባትየውን ጥፋት ስንለቅም የእናትየውን ማታ ዘልለነዋል።

ውሳኔው ገና ነው። እናትየው ቢሸነፉ ጓደኛዬ «አላልኩህም?» ይለኛል፤ እኔም አፌን የምሞላበት መልስ ላጣ እችላለሁ። ያን ወረቀት ግን ልጅቱ አድጋ ብታነበው አላፍርበትም። እናንተስ ብትሆኑ ያን መስመር ትጽፉት ነበር?