በቴሌቪዥኑ መስኮት ያልታየው አርብቶ አደር

ስለ ብሔራዊ ፓርኮቻችን የተሠራ ዘጋቢ ፊልም በቴሌቪዥን በቀረበ ቁጥር ተመልካቹ በቅድሚያ ያደንቃል፤ ቀጥሎም «እነዚህ ከብቶች ከፓርኩ ለምን አይወጡም?» ብሎ ይቆጣል። ቁጣው ለፍጥረት ካለው ፍቅር የመነጨ ነውና አንንቀውም፤ ዳሩ ግን የፍቅሩን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

በሶደሬ ፍል ውኃ ዳር ጦጣ ምሳችንን ስትነጥቀን ድንጋይ የምናነሣ ብዙዎች ነን። ስለ አንድ ቁራሽ ዳቦ ያልታገሥን እኛ፣ የግጦሽ መሬቱን ያጣውን ሰው ታገሥ እንለዋለን!

ከሶደሬ በታች የሚገኘው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመሠረት ስፍራው ባዶ አልነበረም፤ የከረዩ ኦሮሞዎች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት ነበር። በመተሐራ በኩል ደግሞ የሸንኮራ አገዳው እርሻ የወንዙን ዳርቻ ያዘ። እንግዲህ በድርቅ ዘመን ከብቱን ወደ ፓርኩ የሚነዳው ሰው ወዴት ይሂድ?

ሳላም ሣር ይሻልና ፓርኩ ይፍረስ አንልም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ ለምድር ማዘንና ለድሃ ማዘን እንደማይነጣጠሉ አስተምረዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፊልም ለወጣቶች የምታሳዩ ካቴኪስቶች፣ ውይይቱን ከመክፈታችሁ በፊት «በፊልሙ ውስጥ የአካባቢው ሰው ሲናገር ሰማችሁን?» ብላችሁ ጠይቋቸው።